ወንበሩ ቁጥር አለው፤ ቃለ ጉባኤው የለውም

ባለፈው ክረምት አጎቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሄጄ ነበር። አጎቴ መምህር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የአገልግሎት ዘመኑ ሲሰላለት ግን ሦስት ዓመት ጎደለበት። ኮሌጁ ገና ማሠልጠኛ ሳለ ያስተማረባቸው ዓመታት ናቸው። እነሱን ለማስቆጠር አንዲት የምደባ ደብዳቤ በቂ ነበረች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅን ልጅ ናት። «አብሽሩ ጋሼ፣ ይገኛል» አለችውና ወንበር ሳበችለት። የወንበሩ መደገፊያ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። የኮሌጁ ስም በምህጻር፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። ጠረጴዛውም ቁጥር አለው። ከቆመ የሰነበተው የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር ቁጥር አለው። ከወንበሩ ኋላ ደግሞ ከወለል እስከ መስኮት የተቆለሉ ክላሰሮችና በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች አሉ። እነሱ ላይ ምንም የለም።

ሁለት ሰዓት ያህል አቧራ ጠጣን። ደብዳቤዋ አልተገኘችም። የተገኘው ሌላ ነው። የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ ስለ ማገዶ እንጨት የመከረ ቃለ ጉባኤ፣ የመረብ ኳስ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው የምረቃ ፎቶ። አጎቴ የመጣበትን ረስቶ ፎቶው ላይ አፈጠጠ። «ይሄ እኮ የኔ ተማሪ ነው፤ ይቺም!» እያለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያ ወንበር ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። ቃለ ጉባኤው ቢጠፋስ?

ባዶ ወረቀትና የተጻፈበት ወረቀት

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ደስጣ ወረቀት ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። እስከዚህ ድረስ ባለቤት አለው፤ ኦዲተር ይጠይቅበታል። ከዚያ ታይፕ ይመታበታል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ያኔ ከንብረት መዝገቡ ለዘለዓለም ይወጣል። ባዶ ሳለ ንብረት ነበር። ከተጻፈበት በኋላ ያለቀ አላቂ ዕቃ ነው።

ስለዚህ የኮሌጅ ታሪክ በወግ አይጠፋም። ያልተመዘገበ ነገር እንዴት ይጠፋል? አዲስ ኃላፊ ይመጣል። ቢሮ ይዘዋወራል። ለኮምፒውተር ክፍል ቦታ ይፈለጋል። «ይሄን ቆሻሻ አንሱልኝ» ይባላል። የፋይናንስ ሰነዱ ኦዲት ስለሚፈራ ይተርፋል። ሌላው ለቆራሌው በኪሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከገበያ ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታው የተማሪ የሒሳብ ፈተና ሆኖ አገኘሁት። ከሃያ፣ ስምንት አግኝቷል። ልጁ ዛሬ የት እንደደረሰ እንጃ፤ ቆሎው ግን ጥሩ ነበር።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን በአዋጅ አቋቁሟል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ይደነግጋል። ግን አዋጁ አዲስ አበባ ነው፤ ክላሰሩ ኮምቦልቻ። በመካከላቸው ያለው ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን። ከአለቃ የተጣላ ወይም የታመመ ሰው «እስቲ እዚያ ይቆይ» ተብሎ የሚመደብበት ጓዳ ነው።

የመዛግብት ነገር ሲነሳ ሁላችንም ምስጥን እንረግማለን፤ ጦርነትን እናማርራለን። ልክ ነው፤ ሁለቱም በልተውናል። ግን ምስጥም ጦርነትም ከመምጣታቸው በፊት ወረቀቱን ማንም አልቆጠረውም ነበር። ያልተቆጠረ ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ ለማወቅ አይቻልም። ደግሞ ለቅሶ የሚደረሰው ማን እንደሞተ ሲታወቅ አይደል?

አንድ ኮሌጅ የማን ነው?

«የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ወረቀት ለማን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ያለው የተማሪ ካርድ ላይ ነው።

የድሮው ወሎ ጠቅላይ ግዛት 12 አውራጃ ነበረው። አምባሰል፣ አውሳ፣ ቦረና፣ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ ላስታ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ዋግ፣ ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ እና የጁ። ዛሬ እነዚህ ቦታዎች በተለያዩ ዞኖችና ክልሎች ተበትነዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የቆዩ ማሠልጠኛዎች ግን የሚቀበሉት ከዚህ ሁሉ ነበር። አንድ የምዝገባ መዝገብ ከላስታ የመጣውን የቄስ ልጅ፣ ከቃሉ የመጣውን የሸህ ልጅና ከአውሳ የመጣውን የአርብቶ አደር ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያን ወሎ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሌላ ወረቀት ዛሬ ከየት ይመጣል?

ዓመታቱንም ተመልከቱ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ተጀመረ። የ1977ቱ ድርቅ መጣ። ሰፈራው ተከተለ፤ በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 ሰው ተጓጓዘ፤ ትልቁ ድርሻ ከወሎ ነበር። ይህን ሁሉ በመንግሥት ሪፖርትና በውጭ ጋዜጠኞች ካሜራ እናውቀዋለን። አንድ ክፍል በ1976 ስንት ተማሪ ነበረው? በ1978 ስንት ቀረ? ይህን የሚናገረው ሮስተሩ ነው። ስም ቁጥር ሲሆን ሪፖርት ይባላል። ቁጥሩ መልሶ ስም የሚሆነው መዝገብ ቤት ነው።

የተማሪዎች ንቅናቄም እንደዚያው። ደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከተማ ናት። ስሙ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ከሆኑት ወይዘሮ ስሂን የተወሰደ ነው። በ1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ያነሳው ዋለልኝ መኮንን የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። ስለዚያ ትውልድ የምናነበው በአብዛኛው መሪዎቹና ተቃዋሚዎቻቸው በኋላ የጻፉትን ማስታወሻ ነው። ሁሉም ራሱን አስተካክሎ ነው የሚያስታውሰው። የትምህርት ቤት መዝገብ ግን ማን የት ክፍል እንደተቀመጠ፣ ማን ለምን እንደተቀጣ የሚጽፈው በዕለቱ ነው። ማን ወደፊት ዝነኛ እንደሚሆን አያውቅም። ለዚህ ነው የምወደው።

ከሁሉም በላይ የምሳሳለት ግን ሌላ ነገር ነው። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ።

አስቡት። አንድ ልጅ ሊመረቅ ሲል ጥናት ይታዘዛል። ርዕስ ይጨንቀዋል። ስለዚህ ወደ አገሩ ይሄድና ስለሚያውቀው ነገር ይጽፋል። ስለ ሰፈሩ ገበያ አመሠራረት። ስለ አንድ መስጊድ። ስለ ሽምግልና ሥርዓት። ስለ ሠርግ ዘፈን። ለዚያ ሲል አያቱን፣ የሰፈሩን ሸህ፣ የደብሩን አለቃ ይጠይቃል። ያሉትን ይጽፋል። አማካሪው «ለ» ይሰጠዋል። ጽሑፉ ሸልፍ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ በታይፕ ስህተት የተሞላ 40 ገጽ የእነዚያ ሰዎች ብቸኛ ቃል ይሆናል። ሸልፉ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው። «የተማሪ ወረቀት ነው» ተብሎ።

የድምፅ ነገርም አለ። ኢትዮጵያ ከምትታወቅባቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድን የሌለው ተቋም አልነበረም። ከዚያ የተረፈ ካሴት የትኛውም መሳቢያ ውስጥ ቢኖር ከወረቀቱ በፊት እሱ ይቀዳ። ወረቀት በዓይን ይነበባል። ካሴት ግን ማጫወቻው ከጠፋ ፕላስቲክ ነው። ማጫወቻው ደግሞ እየጠፋ ነው።

1968 የትኛው ነው?

አሁን ወደ አሰልቺው ነገር ልግባ። አሰልቺ ቢሆንም ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጎበዝ ወጣት ስካነር ይዞ ይመጣል። ፋይል ይቃኛል። ስሙን «1968» ብሎ ያስቀምጣል። የትኛው 1968? በእኛ ከሆነ ደርግ ነው፤ ዘመቻው አላለቀም። በፈረንጅ ከሆነ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው። ድሮ ከውጭ መምህራንና ከረድኤት ድርጅቶች ጋር የተጻጻፈ ኮሌጅ ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ፋይል ውስጥ ይዟል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለት ብቻ አይደለም። የጣሊያን ዘመን ወረቀት ከፈረንጁ ዓመት ጎን በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዓመት ይጽፋል፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር። የእስልምና ሊቃውንት ጽሑፍ በሒጅራ ነው። የገዳም መጽሐፍ በዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው) ወይም በዓመተ ምሕረት፣ በግዕዝ ቁጥር። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መዝገብ የሚያደራጅ ሰው አምስት አቆጣጠር ሊገጥመው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰነዱ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጻፍ። ከጎኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍ። ካላወቅክ «አልታወቀም» በል። በግምት አታርመው። ግምት አንዴ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ እውነት ይመስላል።

የቦታ ስምም እንደዚሁ። ካርዱ «ቃሉ አውራጃ» ካለ ወደ ዛሬው ወረዳ ቀይሮ መጻፍ ወንጀል ባይሆንም ስህተት ነው። የድሮውን አስቀምጥ፤ የዛሬውን ከጎኑ ጨምር።

ሌላም አለ። ፋይሉን በትነህ «ሥርዓት አስይዛለሁ» አትበል። አንድ ደብዳቤ ትርጉም የሚኖረው ከፊቱና ከኋላው ካለው ደብዳቤ ጋር ነው። የማገዶው ቃለ ጉባኤ ለብቻው ተራ ወረቀት ነው። ከሱ ቀጥሎ «ተማሪዎች ምሳ ስላልቀረበ ክፍል አልገቡም» የሚል ደብዳቤ ካለ ታሪክ ሆነ።

ሐይቅ ላይ የተጻፈው ዝርዝር

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የሚገኘው እዚያ ነው። ወንጌሉ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፤ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። መነኮሳቱ ባዶ ገጾቹን ዝም ብለው አልተዉትም። የገዳሙን ጉዳይ ጻፉበት። ገዳሙ የነበሩትን መጻሕፍት ዝርዝርም እንዲሁ። ለምን ወንጌል ላይ? ወንጌል አይሰረቅም፣ አይጣልም፤ ደፍሮ የሚፍቀውም የለም። የዘመኑ አስተማማኝ ሰርቨር ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ምን አለን?» ብሎ የቆጠረ አገር ዛሬ አንድ ክፍል ሙሉ ክላሰር መቁጠር ሲያቅተው ያስቃል።

የዚህ ወንጌል ሁለተኛ ሕይወት ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። በዓመታት ውስጥ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተቀዱ። የኢየሱስ ሞአ ወንጌልም በቁጥር 1832 ተመዘገበ። ብራናዎቹ በየገዳማቸው ቀሩ። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል የምትባል ቦታ ባለ የቤኔዲክት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው ለአሥርት ዓመታት አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ካታሎግ አዘጋጁ። በትልቅ ከተማ ያልሆነ፣ በገጠር ያለ ተቋም ነው። ያንን ሁሉ የያዘው በሕንፃ ግዝፈት ሳይሆን በካታሎግ ነው።

እኛ ጋ ያለ ትንሽ ኮሌጅም ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ይሄ ይመስለኛል። ዋናውን አትሰብስብ፤ ቅጂውን ሰብስብ። ወሎ ውስጥ ብዙ ቅርስ ያለው በሰው ቤት ነው። በተለይ የአጀሚ ጽሑፍ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። እንደ ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ሊቃውንት ግጥሞች በዚህ መልክ ተጽፈዋል። ቤተሰቡ ኪታቡን የአባቱ አደራ አድርጎ ነው የሚያየው። «ለሙዚየም ስጡን» ብትላቸው ቡና አፍልተው፣ ከአቦል እስከ በረካ አስጠጥተው፣ በፈገግታ ይሸኙሃል። ኪታቡን ግን አታየውም። «እዚሁ ፊታችሁ ቁጭ ብለን ፎቶ እናንሳው፣ አንድ ቅጂ ለእናንተ እንስጥ» ብትላቸው ነገሩ ይለወጣል። ኮሌጅ ለዚህ ከማንም በላይ የተመቸ ነው። ተማሪው የራሳቸው ልጅ ነዋ!

ሁለት ቅጂ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ውጫሌ ጎረቤት ናት። የ1881ዱ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ እንደሚል የታወቀው ሁለቱም ጽሑፍ ስለተገኘ ነው።

25 ኪሎ ሜትር አይበቃም

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሁለቱ ከተሞች በቀናት ውስጥ ተከታትለው ወደቁ። ኅዳር 27 ቀን መልሰው መያዛቸው እስኪነገር ድረስ ከአንድ ወር በላይ አለፈ። በዚያ መካከል የወሎ ዩኒቨርሲቲም የደሴ ሙዚየምም ተዘረፉ። ሙዚየሙ ያለበት ቤት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው። ከዚያ ስለጠፉት ቅርሶች ብዙ ተብሏል። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲነቀል ወለል ላይ ተበትኖ ስለተረገጠው ወረቀት ግን የተባለው ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥር ነበረው። ለኪሳራ ሪፖርት የሚመች እሱ ነው።

ደሴ ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ጃንሆይ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጋር የተነሱት ፎቶ የዚያን ቀን ነው። የዕለቱን ምስል ያኔ ከተማዋ ውስጥ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ይዘውት ሄዱ፤ ተረፈ። በደሴ ሰው እጅ ከነበረው ወረቀት ስንቱ ተረፈ?

አርኪቪስቶች፣ ማለትም የመዛግብት ባለሙያዎች፣ አንድ የታወቀ ደንብ አላቸው። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፤ አንዱ ሌላ ቦታ። እኛ ጋ «ሌላ ቦታ» ሲባል የኮምቦልቻው ደሴ፣ የደሴው ኮምቦልቻ ይመስለዋል። በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 2014 ላይ ይህ ርቀት ምንም እንዳልሆነ አየን። ሦስተኛው ቅጂ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ መሆን አለበት። ሃርድ ዲስክም ለዘለዓለም አይደለም። ጥቂት ዓመት ሠርቶ አንድ ቀን ዝም ይላል። በየጊዜው ወደ አዲስ መገልበጥ አለበት፤ ለዚያም ኃላፊነቱ በስም የተሰጠው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ «ዲጂታል እናድርገው» የሚለው ነገር ሲነሳ እጄን የማነሳው ለመቃወም ነው። ለአሁኑ። ስካነር የሚለግስ ድርጅት አይጠፋም፤ ሪባን የሚቆርጥም እንደዚያው። ግን ያልተዘረዘረ ክፍል ስካን ሲደረግ ያልተዘረዘረ ሃርድ ዲስክ ይሆናል። የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስና ደብተር ነው። ክላሰር 1፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት፣ ስለ ምን፣ የት ሸልፍ ላይ። ከቀኑ ግማሹን የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች አንድ ክፍል በአንድ ክረምት ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ስካን እንደሚደረግ ይመረጣል፤ በ300 ዲፒአይ ወይም ከዚያ በላይ። ሁሉም ስካን አይደረግም። የመረብ ኳሱ ደረሰኝ ይቅር። (አጎቴ በዚህ አይስማማም። ኳሱን አስገዝቶ የነበረው እሱ ነው።)

ስለ አቀማመጥ ብዙ አልልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉሙና እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ትሞቃለች፤ እዚያ ጠላቱ ምስጥ ነው። ለሁለቱም ወረቀቱን ከወለል ማንሳት፣ ከግድግዳ ማራቅና አየር ማስገባት ይረዳል። የዛገ ስቴፕል ይነቀል። የተቀደደ ገጽ በስኮች አይለጠፍ። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ወረቀቱን ከነነፍሱ መቅበር ነው፤ በኋላ አይላቀቅም።

ሁሉም አይከፈትም

አንድ ነገር ያሳስበኛል። በደርግ ጊዜ በየተቋሙ የውይይት ክበብ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። ማን ማንን ምን እንዳለው በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። ሂስ ያቀረበውም የተሰነዘረበትም ዛሬ አንድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ዕድር ሊሆኑ ይችላሉ። ልጆቻቸው ተጋብተው ሊሆን ይችላል። ወሎ ነውና ተጋብተው ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ቻናል ላይ ቢወጣ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ለዚህ ደግሞ ብዙ ሰው «ታዲያ ማቃጠል ነው» ይላል። አይደለም። ይዘርዘር፣ ይታሸግ፣ እስከ መቼ እንደታሸገ ይጻፍበት። የተማሪ ውጤት፣ የሕክምና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ፋይልም ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ለማንም አይዘርገፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ለራሱ ፋይል ግን በሩ ክፍት ይሁን። አጎቴን የመሰለ ሰው ሲመጣ ማለቴ ነው።

ግልባጭ

የአጎቴ ጉዳይ ምን ሆነ? የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንድ ዘዴ ነገረችን። እኔ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። የእኛ አገር ደብዳቤ እግርጌው ላይ «ግልባጭ» የሚል አለው። ለእገሌ መምሪያ፣ ለእገሌ ክፍል፣ ለፋይል። ማለትም እያንዳንዱ ደብዳቤ ገና ሲወለድ ሦስት አራት መንትያ አለው። «እዚህ ከጠፋ ግልባጭ የተደረገለት ጋ ይፈለጋል» አለች። በአንድ ዓረፍተ ነገር የአርኪቭ ትምህርት ቤት። የጠፋ የኮሌጅ ፋይል እንዲህ ተለቅሞ ሊጠገን ይችላል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከተመራቂዎች ሻንጣ።

ለእሷ ግን የሥራ መደቡ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ» ነው። ሥልጠና ወስዳ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። አንድ ጊዜ የካይዘን ሥልጠና ሰጥተዋቸዋል። «የማያስፈልገውን አስወግዱ» ተብሎ።

ግልባጯን ፍለጋ ሁለት መሥሪያ ቤት ዞርን። ሁለተኛው ጋ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ መነጽራቸውን አድርገው ገቡና አርባ ደቂቃ ቆይተው ወጡ። በካርቦን የተመታች፣ ሰማያዊ ቀለሟ የደበዘዘ፣ አሥራ አንድ የመምህር ስም የያዘች ደብዳቤ። አጎቴ ሰባተኛ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ እነሱ ማኅተም አድርገውልን፣ እየሮጥን ወደ ኮሌጁ ተመለስን፤ የአገልግሎት ማስረጃውን እንዲጽፉለት።

ኃላፊው ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት። «ይሄ ግልባጭ ነው ጋሼ። ዋናውን ነው የምንፈልገው።»

አጎቴ ባለ ቁጥሩ ወንበር ላይ ተደገፈ።

«ዋናውማ እናንተ ጋ ነበር።»